የመንደር የቁጠባ ሣጥን፦ ከመጀመሪያው እጣ እስከ ድርሻ ክፍያ

በሰሜን ሸዋ ገጠር በግ የሚያደልቡ፣ እንቁላል የሚነግዱ፣ ጠላና አረቄ የሚሸጡ፣ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ስለ ቁጠባ ሣጥን፣ ማለትም በቡድን ሆነው ስለሚቆጥቡበትና ስለሚበደሩበት ሣጥን፣ ሁለት ነገር ይደጋግሙልናል። አንዱ «እቁብ እያለን ሣጥን ምን ያደርግልናል?» ነው። ሌላው «ዙሩ ሲያልቅ ትርፉን እንዴት ነው የምንካፈለው?» የሚል ነው።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። እቁብ ሁሉንም እኩል ያስጥላል፤ ብሩም የሚደርሳችሁ ዕጣ ሲወጣላችሁ እንጂ በግ በሚገዛበት ወር አይደለም። ሣጥን ግን እያንዳንዱን እንደ አቅሙ ያስቆጥባል፣ በሚያስፈልግበት ወር ያበድራል፣ ወለዱንም ለቆጣቢው ይመልሳል። እቁባችሁን አትተዉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስሌት ስለሆነ ከታች በቁጥር አስቀምጠነዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ ሦስት ጓጉንቸር የብረት ሣጥን። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ በላሜራ ማስበየድ ይቻላል። ማጠፊያው ከውስጥ በኩል ይበየድ፤ ከውጭ ከሆነ በመዶሻ ይነቀላል።
• ሦስት የተለያዩ ጓጉንቸሮች። አንድ ቁልፍ ሁለቱን እንዳይከፍት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ።
• ለእያንዳንዱ አባል አንድ የቁጠባ ደብተር፣ ለጸሐፊው አንድ ባለ መስመር ትልቅ ደብተር።
• አንድ ትንሽ ማህተምና የማህተም ቀለም። ማህተሙ ገበያ ላይ በቀላሉ የማይገኝ ቅርጽ ይኑረው።
• ሁለት የጨርቅ ከረጢት በተለያየ ቀለም፣ አንዱ ለቁጠባ፣ አንዱ ለማኅበራዊ (ለሕመምና ለሐዘን መረዳጃ)።
• ሁለት ሳህን፣ አንድ ካልኩሌተር፣ እስክሪብቶ።

ደረጃ 1፦ ሰው ምረጡ

ከ15 እስከ 25 ሰው ይሁን። ከ15 በታች ከሆናችሁ የሚጠራቀመው ገንዘብ አንድ ሁለት ሰው ካበደረ በኋላ ያልቃል። ከ25 በላይ ከሆናችሁ ስብሰባው ግማሽ ቀን ይበላል፣ አባላትም እርስ በርስ በቅጡ አይተዋወቁም። አንድ ላይ ጽዋ የሚጠጣ ወይም አንድ ሰንበቴ የሚጠራራ ሰው ጥሩ መነሻ ነው፤ ማን ዕዳ እንደሚከፍል ማን እንደሚሸሽ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

ባልና ሚስት ሁለቱም አባል መሆን ይችላሉ። ግን ሁለቱም ኃላፊነት አይያዙ፣ አንዳቸውም ለሌላው ዋስ አይሁኑ፤ ዕዳው ከመጣ የሚመጣው ከአንድ ጎተራ ነውና።

ደረጃ 2፦ ኃላፊዎችን ለዩ

ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሣጥን ያዥ፣ ሁለት ገንዘብ ቆጣሪዎች ምረጡ። ከእነዚህ ውጭ ሦስት ቁልፍ ያዦች ይሰየሙ። ቁልፍ የያዘ ሰው ሣጥኑን ማሳደር የለበትም፣ የሣጥን ያዡም ዘመድ መሆን የለበትም። ምክንያቱ ሌብነትን መከልከል ብቻ አይደለም፤ ብር ቢጎድል ሣጥን ያዡ «ቁልፍ የለኝም» ማለት እንዲችል ነው። ንጹሑን ሰው ከሐሜት የሚያድነው ይህ አሠራር ነው።

የቀበሌ አመራር ተራ አባል ይሁን፤ ሰብሳቢ ግን ባይሆን እንመክራለን። ባለሥልጣን የተበደረውን ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ቁረጡ

ይህን ደረጃ ብዙ ቡድን በአምስት ደቂቃ ያልፈዋል፤ ዋጋውንም ኋላ ይከፍላል።

ስብሰባውን በየወሩ 12 እና 27 አድርጉት። ሚካኤልና መድኃኔዓለም በመሆናቸው ሞፈር አይነሳም፣ ሰው በቀላሉ ይገኛል። ጳጉሜን ከሚሻገረው በቀር በመካከላቸው ያለው ልዩነትም 15 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ አይዛነፍም። ጳጉሜን ላይ ስብሰባ የለም። ጥር 12 ግን የቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር የሚገባበት ስለሆነ ወደ 13 አዙሩት። የደብራችሁ ንግሥ በሁለቱ ቀናት ላይ ሲውልም እንዲሁ በማግስቱ ይሁን። ሙስሊም አባላት በሚበዙበት ቡድን ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ከጁምዓ በኋላ መሰብሰብ ይቀናል።

ቀጥሎ የዙሩን መዝጊያ ወስኑ። ዙሩ ሲዘጋ ተበዳሪ ሁሉ መክፈል አለበት፤ ስለዚህ መዝጊያው ብር በእጅ የሚገኝበት ወቅት ላይ መዋል አለበት። መኸር ብቻ ለሚያርሰውና በግ ለሚያደልበው ደጋ ግንቦት 12 ይስማማል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ግንቦት 12 በጉ ተሸጦ ያለቀበት ነው። ማዳበሪያና ዘር የሚገዛበት ጊዜም ገና አላለፈም። ነሐሴ ላይ የሚዘጋ ሣጥን ግን ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር ሰውን ያስጨንቃል።

በልግ የሚያርሱና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት ወይም ማሾ የሚያመርቱ ሰዎች ይህን ቀን አይቅዱ። የራሳችሁ ምርት ገበያ ከወጣ በኋላ ያለውን ሁለተኛ ሳምንት ያዙ።

አዲስ ቡድን መስከረም 12 ቢጀምር 16 የቁጠባ ስብሰባ አድርጎ በ17ኛው፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ይካፈላል። ስምንት ወር ለመተዋወቂያ በቂ ነው። ቀጣዩን ዙር ግንቦት 27 ብትጀምሩ 23 የቁጠባ ስብሰባ ይኖራችኋል።

ደረጃ 4፦ የእጣውን ዋጋ ተስማሙ

እዚህ እጣ ስንል የእቁብ ዕጣ ማውጣት አይደለም፤ የቁጠባው መለኪያ ነው። እጣው 50 ብር ቢሆን አንድ አባል በአንድ ስብሰባ ከ1 እስከ 5 እጣ፣ ማለትም ከ50 እስከ 250 ብር ይቆጥባል። ዋጋውን ስትወስኑ ከሁላችሁ አቅም የሚያንሰው ሰው ነሐሴ ላይ አንድ እጣ መግዛት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ካልቻለ አውርዱት። አምስት እጣ የሚል ጣሪያ የተበጀው አንድ ባለ ሀብት ሣጥኑን የግሉ እንዳያደርገው ነው። በዙሩ መካከል ዋጋው አይለወጥም፤ ከተለወጠ የድርሻ ስሌቱ ይበላሻል።

ለማኅበራዊ ደግሞ ሁሉም እኩል 10 ብር ይጣል። ይህ ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ለድንገተኛ የሚሰጥ እንጂ ወለድ የሚወልድ አይደለም። የመዘግየትና የመቅረት ቅጣትም እዚህ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ውስጠ ደንቡን ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። እነዚህን ግን አትዝለሉ፦

ሀ. ብድር ከአምስተኛው ስብሰባ በፊት የለም።
ለ. የብድር ጣሪያ አባሉ እስከዚያ ቀን የቆጠበው ሦስት እጥፍ ነው።
ሐ. ወለድ በወር ከመቶ 3፣ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ ነው።
መ. የብድር ዘመን ሦስት ወር፤ በዓልን ጠብቆ ለሚሸጥ ከበዓሉ ቀጥሎ እስካለው ስብሰባ ይራዘማል።
ሠ. ሁለት ዋስ፤ አንድ ሰው ከአንድ ብድር በላይ ዋስ አይሆንም።
ረ. ከመጋቢት 27 በኋላ አዲስ ብድር አይሰጥም፤ ሁሉም ዕዳ ሚያዝያ 27 ያልቃል።
ሰ. በመካከል የሚወጣ አባል የቆጠበውን ያለ ትርፍ ይወስዳል። የሞተ አባል ወራሾች ግን ሙሉ ድርሻውን ያገኛሉ።
ሸ. ከአባል ውጭ ለማንም ብድር አይሰጥም። የውጭ ሰው ከብድሩ ጀርባ ቁጠባ የለውም፤ ለሕዝብ ማበደርም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

ወለድ የማይበሉ አባላት ካሏችሁ «ሐ» ይቅር። ብድሩ ያለ ጭማሪ ይሰጥ፤ ወይም ሣጥኑ ራሱ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ቆርጦ በዱቤ ለአባሉ ይሽጥለት።

ደረጃ 6፦ ስብሰባውን በአንድ ቅደም ተከተል ምሩ

ቅደም ተከተሉ ሲዘበራረቅ ብር የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ይሁን።

ሦስቱ ቁልፍ ያዦች በሁሉም ፊት ሣጥኑን ይከፍታሉ። ጸሐፊው ስንት ብር እንዳደረ ከመጥራቱ በፊት አባላቱ ባለፈው በቃል የያዙትን ቁጥር ይናገሩ። ቀጥሎ ቆጣሪዎቹ ቆጥረው ያመሳክሩ። ማንበብ የማይችል አባል ሣጥኑን የሚቆጣጠረው በዚህ መንገድ ስለሆነ «ተጽፏል» ብላችሁ አትዝለሉት።

ከዚያ ማኅበራዊ፣ ቀጥሎ ቁጠባ። አባል በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራል። ብሩን ሳህኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ተራ በተራ ቆጥረው «ሦስት እጣ» ብለው ጮክ ይላሉ። ጸሐፊው በአባሉ ደብተር ላይ ለዚያ ስብሰባ ከተሰመሩት አምስት ሳጥኖች ሦስቱን በማህተም ይመታል፤ የቀሩትን ሁለቱን እዚያው በእስክሪብቶ ይሰርዛል። ይህቺ ስረዛ ትንሽ ትመስላለች። ባዶ የቀረ ሳጥን ግን ግንቦት ላይ ማህተም አግኝቶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ማን እንደመታው የሚመሰክር የለም።

ቀጥሎ የብድር መመለሻ፣ በመጨረሻ አዲስ ብድር። ደብተሮቹ ሁሉ ተመልሰው ሣጥን ውስጥ ይቆለፉ፤ ማንም ደብተሩን ይዞ ቤቱ አይሂድ። ለስንብት ሰብሳቢው በሁለቱ ከረጢት ያለውን ቁጥር ይጥራ፣ ሁሉም ይድገመው።

ደረጃ 7፦ ብድሩን ከገበያው ጋር አገናኙ

ተበዳሪው ሦስት ነገር ይናገር፦ ስንት፣ ለምን፣ መቼ ይሸጣል። ሦስተኛውን በትክክል ያልመለሰ ሰው እስከሚቀጥለው ስብሰባ አስቦበት ይምጣ።

የበግ ማድለብን እንውሰድ። በግ ለማድለብ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ነው፤ ስለዚህ ብድሩ ጥር 27 ተሰጥቶ ሚያዝያ 27 ይመለሳል። በየስብሰባው 4 እጣ የገዛ አባል እስከ ጥር 27 ባሉት 10 ስብሰባዎች 2,000 ብር አስቀምጧል፤ ጣሪያው 6,000 ነው። ይህን ለበግ መግዣና ለፉርሽካ ማሟያ ቢወስድና ዋናውን በመጨረሻ ቢመልስ ወለዱ በወር 180፣ በሦስት ወር 540 ብር ይሆናል። 180ዋን በየወሩ ይክፈል፤ ሁሉም ለመጨረሻ ሲቆይ ይከብዳል፣ ቡድኑም ሰውየው መቸገሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

በዐቢይ ጾም መካከል የሚያልቅ ብድር አትስጡ። በጾም ሥጋ ፈላጊ ስለሚቀንስ በግ ይረክሳል፤ ባለ ዕዳው ያልደለበ በግ በርካሽ ሸጦ ይከፍልና ከሥራው ይወጣል። ዕዳው ተከፈለ፣ ሰውየው ግን ከሰረ።

ሌላ ስህተት ደግሞ ጣሪያን እንደ መብት ማየት ነው። ጥር 27 ላይ በሣጥኑ 25,000 ብር ቢኖርና ሁሉም ሦስት እጥፍ ቢጠይቅ 75,000 ያስፈልጋል። ጥያቄው ከበዛ ሁሉም ተስማምቶ እኩል በመቶኛ ይቀንስ፤ ወይም ገበያው የቀረበበት ይቅደም። ለአንድ ዓይነት ሥራም ከሣጥኑ ግማሽ በላይ አታውጡ። ሁሉም በግ ገዝቶ የበግ ፈንጣጣ ቢገባ ዋሱም ተበዳሪውም አብረው ይወድቃሉ። በጎቹ ከመገዛታቸው በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ስለ ክትባትና ስለ ትል መድኃኒት ማነጋገር የብድሩ ቅድመ ሁኔታ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ሣጥኑን ባዶ አሳድሩ

ሣጥኑ የት እንደሚያድር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከአደጋ የሚያድነው ብሩ በብድር ወጥቶ ማደሩ ነው። ሚያዝያ ላይ ዕዳው ሲመለስና ሣጥኑ ሲሞላ ግን በሦስት ሰው ስም የጋራ ሒሳብ ከፍታችሁ አስገቡት፤ ሦስቱም ካልፈረሙ እንዳይወጣ ብላችሁ አስመዝግቡ። ፀደይ ባንክ (የቀድሞው አብቁተ) ወይም ቅርባችሁ ያለ ሌላ ባንክ ይሆናል። መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የቡድኑን ቃለ ጉባኤና የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፋይዳም ስለሚጠየቅ ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

የቡድኑን ብር በአንድ ሰው ቴሌብር ላይ አታስቀምጡ። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሰውየው ሲታመም ብሩ የማን እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት የላችሁም።

ደረጃ 9፦ ድርሻ ክፍሉ

ሚያዝያ 27 ያልከፈለ ሰው ዕዳው ከራሱ ቁጠባ ይቀነሳል። ያ ካልበቃ ቀሪው እስኪሞላ የዋሶቹ ድርሻ ይያዛል። ይህን ካጠራችሁ በኋላ ብቻ ስሌት ጀምሩ።

20 አባላት በ16 ስብሰባ በአጠቃላይ 800 እጣ ገዙ እንበል። ቁጠባው 800 × 50 = 40,000 ብር ነው። ወለድ 3,200 ገብቷል። ድምሩ 43,200 ብር። ይህን ለ800 ስታካፍሉ እያንዳንዱ 50 ብር እጣ 54 ብር ሆኗል ማለት ነው። እንግዲህ የየሰውን ማህተም ቆጥራችሁ በ54 አባዙ፦

• በየስብሰባው 1 እጣ የገዛ፦ 16 ማህተም፣ 800 ብር አስቀምጦ 864 ይወስዳል።
• 3 እጣ የገዛ፦ 48 ማህተም፣ 2,400 አስቀምጦ 2,592 ይወስዳል።
• 5 እጣ የገዛ፦ 80 ማህተም፣ 4,000 አስቀምጦ 4,320 ይወስዳል።

እዚህ ላይ «ወለዱን እኩል እንካፈል» የሚል ድምፅ መነሳቱ አይቀርም። 3,200 ለ20 ሲካፈል ለሰው 160 ይደርሳል። ያኔ ትንሹ ቆጣቢ 960፣ ትልቁ 4,160 ይወስዳሉ። ትልቁ ቆጣቢ 160 ብር ተወስዶበታል፤ በሚቀጥለው ዙር እሱም አንድ እጣ ብቻ ይገዛል፣ ሣጥኑ ይሳሳል፣ የሚበደርም ይጎዳል። መተዛዘን ካሻችሁ ማኅበራዊ ከረጢቱ አለ።

ድምሩ 43,330 ቢሆንስ? ለ800 ሲካፈል 54 ከሳንቲም ይሆናል። ሳንቲሙን ጣሉና በ54 ክፈሉ፤ የተረፈው 130 ብር ለቀጣዩ ዙር ማኅበራዊ ይሁን። የማኅበራዊ ከረጢቱ ራሱ አይከፋፈልም፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ክፍያው እያንዳንዱ ደብተር በባለቤቱ ፊት ማህተሙ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይፈጸም። የተከፈለበት ገጽ ላይ ባለቤቱ ይፈርም ወይም አሻራ ያድርግ፤ ገጹም በሰያፍ ይሰረዝ።

ከሣጥን ወደ ትልቅ ብድር

ሁለት ዙር የዘጋ ቡድን የጸሐፊውን ደብተር ይዞ የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ባንክ ዘንድ ቢቀርብ የሚያሳየው ነገር አለው። ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ለሚፈልግ መነሻው የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ወለዱ የሚታሰበው በመነሻው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ለምሳሌ 30,000 ብር በዓመት ከመቶ 18 ወለድ፣ ዋናው በ12 ወር እኩል ተከፋፍሎ የሚመለስ ቢሆን፣ በመነሻው ላይ ሲታሰብ ወለዱ 5,400 ብር ነው። በቀሪው ላይ ሲታሰብ 2,925 ይሆናል። የመቶኛው ቁጥር አንድ ነው፤ ከኪሳችሁ የሚወጣው ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። የአገልግሎት ክፍያና ኢንሹራንስ ከብድሩ ላይ ተቆርጦ እንደሆነም ጠይቁ፤ 30,000 ፈርማችሁ በእጃችሁ የሚገባው ከዚያ ሊያንስ ይችላል፣ ወለዱ ግን በ30,000 ነው። የመክፈያ ሰሌዳውን ቅጂ በእጃችሁ ሳትይዙ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ስትፈጽሙም ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትራቁ።